በፈርዖን ፊት የቆመው «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ማን ነበር?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ የደብረ ብርሃን አንባቢያችን የላኩልንን ጥያቄ ከተዋናዩ ፎቶግራፍ ጋር አትመን፣ መልሱን በዚህ እትም እንደምናወጣ ቃል ገብተን ነበር። ፎቶግራፉን ያዩ ሌሎች የሰሜን ሸዋ አንባብያንም ስለዚሁ ሰው ስለ ጻፉልን፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ ሰፈር የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። በትንሣኤ ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን የቆየ ፊልም ስናይ፣ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ድል አድርጎ በሚመለስበት ቦታ የሚገባው ረጅም ጥቁር ንጉሥ በቤታችን ክርክር አስነሣ። አባቴ ፊልሙን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ያዩ ናቸውና፣ ሰውየው በጃንሆይ ፈቃድ የተላከ የክብር ዘበኛ መኮንን ነው ብለው ይከራከራሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ቁመቱን አይቶ ሱዳናዊ መሆን አለበት ይላል። እኔ ሁለቱንም ማመን አቃተኝ። ለመሆኑ ሰውየው ማን ነው? ሌላስ ምን ሠርቷል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ በዚህ ክርክር አባትዎም ወንድምዎም አልረቱም። ንጉሡን ሆኖ የሠራው ሰው ዉዲ ስትሮድ ይባላል፤ ተወልዶ ያደገውም በአሜሪካ፣ ሆሊውድ ባለችበት በዚያችው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። የአባትዎ ግምት ግን ከሜዳ የተነሣ አይመስለንም። ሰውየው ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲቆም ቀጥ የሚል ስለ ነበረ፣ የዚያን ዘመን የክብር ዘበኛ ሰልፍ በዐይኑ ያየ ሰው ቢያሳስተው አይፈረድበትም።

ትዕይንቱን ላላዩ አንባብያን ጥቂት እናስታውስ። ፊልሙ በሲሲል ቢ ዴሚል አዘጋጅነት በ1956 የወጣ ሲሆን፣ ቻርልተን ሄስተን ሙሴን፣ ዩል ብሪነር ራምሴስን ሆነው ይጫወታሉ። ሙሴ ገና የግብፅ ልዑል ሳለ ከኢትዮጵያ ዘመቻው ተመልሶ፣ ያመጣውን ግብር በፈርዖን ሴቲ ፊት ካስቀረበ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥና እኅቱ ታርቢስ ይገባሉ። የፈርዖን ልጅ ራምሴስ እንዲንበረከኩ ለማዘዝ ሲቃጣው፣ ሙሴ እነዚህን ያመጣኋቸው የደቡቡን በር የሚጠብቁልን ወዳጆች አድርጌ ነው፣ አንተ ማዘዝ የምትችለው ራስህ ያሸነፍከውን ብቻ ነው በማለት አፉን ያስይዘዋል። ቀጥሎ ታርቢስ ከአገሯ ተራሮች የወጣ አረንጓዴ ድንጋይ ለሙሴ ታበረክታለች፤ ወንድሟ ንጉሡም አጠገቧ ነው። ስትሮድ በዚህ ሁሉ መካከል ከመቆም ያለፈ ብዙ ሥራ አልተሰጠውም። ነገር ግን የዴሚል አዳራሽ በወርቅ፣ በላባና በሰው ብዛት ተጨናንቆ ሳለ የተመልካች ዐይን ወደ እሱ መሄዱ፣ ይኸው በእናንተም ቤት ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል እሱ ተለይቶ ክርክር ማስነሣቱ፣ የሰውየውን ተሰጥዖ በደንብ ይገልጸዋል።

እርስዎ የታሪክ መምህር ስለ ሆኑ ይህ ዘመቻ ከየት እንደ መጣ ማወቅዎ ይጠቅማል። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 12 ላይ ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ ማርያምና አሮን እንዳሙት ይነግረናል እንጂ ስለ ጦርነት አያነሣም። ዘመቻውን በሰፊው የጻፈው በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፉስ ሲሆን፣ በእሱ ትረካ ታርቢስ የንጉሡ ልጅ ናት፤ ሙሴንም ወድዳ ታገባዋለች። የፊልሙ ደራስያን ልጅነቷን ወደ እኅትነት ለውጠው ጋብቻውን አስቀሩት። በዚህ ታሪክ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር የነበረችው የኩሽ ምድር ስለ ሆነች፣ በንጉሡ አለባበስ ላይ የመንዝን በርኖስ የፈለገ ተመልካች ሳያገኘው ቢቀር ሊገርመው አይገባም።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለቤተሰብዎ ይንገሩልን። ፊልሙን ወደ መጨረሻው ሲያዩ፣ ሙሴን ያሳደገችው የፈርዖን ልጅ ቢትያ በፋሲካው ሌሊት ወደ እስራኤላውያን ቤት በወንበር ተሸክመው ከሚያመጧት ኑብያውያን መካከል አንዱን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ያው ዉዲ ስትሮድ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ በመጀመሪያው አጋማሽ ንጉሥ፣ በሁለተኛው ተሸካሚ ሆኗል ማለት ነው። ለጥቁር ተዋንያን በቂ ሥራ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ስቱዲዮዎቹ አንድን ጠንካራ ጥቁር ሰው ልብሱን እየለወጡ ደጋግመው ማሠራታቸው የተለመደ ነበር። ከዚያ በፊት በ1952 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ቆዳ ለብሶ አንበሳ እስከ መሆን ደርሷል፤ ያኔ ፊቱ እንኳ አልታየም።

ወደ ሕይወት ታሪኩ እንመለስ። ስትሮድ የተወለደው በ1914 ሲሆን፣ ወላጆቹ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ካሊፎርኒያ የመጡ ነበሩ። ስሙ መጀመሪያ የታወቀው በፊልም ሳይሆን በስፖርት ነው። ዩ ሲ ኤል ኤ በተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ዐሥር የአትሌቲክስ ውድድሮችን አጣምሮ በሚይዘው በዴካትሎን የታወቀ ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ በሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ገነነ። በ1939 በዚያው ቡድን ውስጥ ኬኒ ዋሽንግተንና በኋላ በቤዝቦል ታሪክ የሠራው ጃኪ ሮቢንሰን አብረውት ነበሩ። በዚያ ዓመት ከከተማቸው ባላንጣ ጋር ያለ ግብ የተለያዩበትን ጨዋታ ከ100,000 በላይ ሕዝብ በሎስ አንጀለስ ስታዲየም ተገኝቶ ተመልክቶታል።

ይህን ያህል የታወቀ ተጫዋች ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ብሔራዊው የፉትቦል ሊግ መግባት አልቻለም፤ ምክንያቱም ሊጉ ከ1934 እስከ 1945 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ውስጥ አገልግሎ ሲመለስ ነገሩ በአንድ የስታዲየም ጉዳይ ምክንያት ተለወጠ። በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር መጫወቻ ሊያደርገው የፈለገው ትልቁ ስታዲየም የሕዝብ ንብረት ስለ ነበረ፣ የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች በሕዝብ ሜዳ ላይ ጥቁር የማያሰልፍ ቡድን ሊጫወት አይገባም ብለው ተሟገቱ። ቡድኑም መጀመሪያ ዋሽንግተንን፣ ቀጥሎም ስትሮድን አስፈረመ። ያን ጊዜ ስትሮድ 32 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ለዚህ ስፖርት ዕድሜው አልፏል ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካሳለፈው ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ አሰናበቱት፤ እሱ ራሱ ለመሰናበቱ አንዱ ምክንያት የሃዋይ ተወላጅ የሆነችውን ሉዋና የተባለች ሴት ማግባቱ እንደ ሆነ ያምን ነበር። ስለዚያ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ በኩራት ሳይሆን በምሬት ነበር የሚያወራው። ከዚያ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። ኳሱ ሲያበቃም በነጻ ትግል መድረክ እየታገለ፣ በመካከል በመካከልም በትናንሽ የፊልም ሥራዎች ቤተሰቡን አስተዳደረ። በፈርዖን አዳራሽ የምታዩት ንጉሥ እንግዲህ ዕድሜው አርባን የተሻገረ የትግል ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበብ የምወድ ተማሪ ነኝ። ያሳተማችሁትን ፎቶግራፍ ሳየው «ስፓርታከስ» ውስጥ ከዋናው ተዋናይ ጋር የሚፋለመው ሰው መሆኑን ለየሁት። እኔን የከነከነኝ ግን እንዲህ ያለ ሰው በየፊልሙ ቶሎ የሚሞት ወይም ጥግ የሚቆም ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ዘረኝነት ብቻ ነው ወይስ ችሎታውም አነስተኛ ነበር?

መልስ፦ እኅታችን፤ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ የእኛም መልስ ከሁለቱም ወገን ይነካል። አስቀድመን ግን የጠቀሱትን ትዕይንት እንይ፤ ክርክሩን የሚፈታው እሱ ይመስለናልና።

በ1960 በወጣው በዚህ ፊልም ስትሮድ ድራባ የተባለ አፍሪቃዊ ግላዲያተር፣ ማለትም ለሰው መዝናኛ የሚፋለም ባሪያ ነው። ኪርክ ዳግላስ የሚጫወተው ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው፣ ነገ ልገድልህ የምችለውን ሰው ስም ማወቅ አልሻም፣ የኔንም አንተ አትወቅ በሚል መንፈስ ይመልስለታል። ከሮም የመጡ ባለጠጎች እስከ ሞት የሚደረግ ፍልሚያ ለማየት ሲፈልጉ ሁለቱ አንድ ላይ ይመደባሉ። ተራቸውን የሚጠብቁት በአንዲት ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ውጭ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ የብረቱ ድምፅ ይሰማል፤ በሳንቃው ስንጥቅ ጥላቸው ያልፋል። ካሜራው አንዴ ዳግላስን፣ አንዴ ስትሮድን ያሳያል። ዳግላስ ዐይኑ ይቅበዘበዛል። ስትሮድ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ አንዴ ብቻ ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያ ፈገግታ ንቀት ይሁን ይቅርታ፣ ወይም ለሁለታችንም ወዮልን ማለት ይሁን፣ ተመልካቹ የፈለገውን ይፈታዋል። ከዚያ ሦስት ጣት ባለው ጦርና በመረቡ ስፓርታከስን አሸንፎ ጦሩን ጉሮሮው ላይ ይደግናል፤ ግደለው ሲባል ግን ጦሩን ወደ ባለጠጎቹ ሰገነት ወርውሮ ራሱም ተከትሎ ይዘልላል፤ እዚያው ይገድሉታል። ሬሳውን ሌሎቹ እንዲያዩት ቁልቁል ይሰቅሉታል፤ ባሮቹም ብዙ ሳይቆዩ ያምፃሉ። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሄደው ፊልም የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሰው ሞት ነው ማለት ይቻላል። ስትሮድ በዚህ ሥራው በጎልደን ግሎብ ሽልማት ለረዳት ተዋናይ ታጭቷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ስትሮድ የትወና ትምህርት አልተማረም፤ ረጅም ንግግር ሲሰጠው ድምፁ አንዳንዴ ይደርቃል። ይህን የምንለው ሥራውን ስለምናከብር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ድክመት የነበረባቸው ነጭ አትሌቶች መሪ ተዋንያን ሆነው ብዙ ሠርተዋል። ለእሱ ግን መሪ ሚና የሚሰጥ የጠፋው የአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ሀገሮች ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ጀግና ያለበትን ፊልም ያሳዩልን ይሆን የሚለው የነጋዴ ስጋት ከዘመኑ ዘረኝነት ጋር ተደምሮ ነው። በዚያው ዘመን ሌላው ጥቁር ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲየር ወጥቶ በ1964 የኦስካርን የመሪ ተዋናይ ሽልማት እስከ መቀበል ደርሷል፤ ሆኖም ፖይቲየር ከስትሮድ በ13 ዓመት የሚያንስ፣ በቲያትር መድረክ የሠለጠነና አንደበቱ የተባ ነበር።

ለስትሮድ ያን ስጋት የደፈረለት ዳይሬክተር ጆን ፎርድ ነው። በ1960 «ሳጅን ረትሌጅ» በተሰኘው ፊልም፣ ባልሠራው የግድያና የመድፈር ወንጀል ተከሶ ጦር ፍርድ ቤት የቀረበ የጥቁር ፈረሰኞች ሳጅን አድርጎ አሠራው። የፊልሙ ርእስ የእሱ ሚና ስም ሆኖ ሳለ በተዋንያን ዝርዝር የተጻፈው ግን ከነጮቹ መሪ ተዋንያን በታች ነው፤ የዘመኑን አሠራር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። ሳጅኑ በፈረስ ወንዝ ሲሻገር የሚታይበትን ቦታ ስትሮድ እስከ ዕድሜው መጨረሻ በኩራት ያነሣው ነበር፤ ወገኖቹን በሙሉ ይዞ የተሻገረ ያህል ይሰማው እንደ ነበረ ተናግሯል። በ1962 ፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» በተባለው ፊልሙ ላይ ደግሞ የጆን ዌይን አሽከር ፖምፒ አድርጎ አቀረበው። ጄምስ ስቱዋርት በሚያስተምርበት ክፍል ፖምፒ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በቃሉ ሲል፣ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የሚለው ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል፤ መምህሩም ግድ የለም፣ ያንን ብዙ ሰዎች ይረሱታል ይለዋል። ፎርድ ይህን ዐረፍተ ነገር ከጥቁር ሰው አፍ ማስጠፋቱ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሆኖም በዚያው ፊልም ፖምፒ ከጌታው ኋላ ኋላ የሚሄድ መሆኑ አልቀረም፤ የፎርድ ድፍረትና የድፍረቱ ወሰን ጎን ለጎን የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ላይ በሾፌርነት የምሠራ ሰው ነኝ። ጣርማ በርን ወርደን ራት በምንበላበት ሆቴል አንድ የካውቦይ ፊልም ተከፍቶ ነበር። ገና ሲጀምር ሦስት ሽፍቶች ባቡር ሲጠብቁ ያሳያል፤ አንደኛው ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይልበታል። ራቱ ሲቀርብ ዞር ብዬ ስመለስ ሞቷል። እሱ ነው ወይ?

መልስ፦ ወንድማችን፤ እሱ ራሱ ነው፤ ራትዎ ባይቀርብ ኖሮ ደግሞ አሟሟቱንም ያዩት ነበር። ፊልሙ ጣልያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 ያወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው። መክፈቻው ከዐሥር ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሲሆን የሚነገርበት ቃል ከጥቂት አይበልጥም። ስትሮድ ከውኃ ማጠራቀሚያው በታች ይቆማል፤ በተላጨው ራሱ ላይ ጠብታ ሲያርፍበት ቀና ብሎ ያይና፣ ቦታ በመቀየር ፋንታ ባርኔጣውን ያጠልቃል። ጠብታው በባርኔጣው ክፈፍ ላይ ይጠራቀማል። ባቡሩ ሲደርስ ባርኔጣውን በጥንቃቄ አውልቆ፣ የተጠራቀመውን ውኃ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣና ጠመንጃውን ያዘጋጃል። ከባቡሩ የወረደው ቻርልስ ብሮንሰን ሦስቱንም ይጥላቸዋል። የሊዮኔን ሥራ የሚወዱ ሰዎች የባርኔጣዋን ውኃ ከፊልሙ ዋና ታሪክ እኩል ያስታውሷታል።

በእነዚያ ዓመታት ስትሮድ ኑሮውን ወደ ጣልያን ፊልሞች ያዞረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ክፍያውም የሚሰጠው ሚናም ከአገሩ የተሻለ ነበርና። እዚያው በ1968 ቫሌሪዮ ዙርሊኒ ያዘጋጀው አንድ ፊልም፣ በ1961 በተገደለው በኮንጎው መሪ በፓትሪስ ሉሙምባ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ፣ ስትሮድን በእስር ቤት የሚሰቃይ አፍሪቃዊ መሪ አድርጎ አቅርቦታል። ሆሊውድ ያን ዓይነት መሪ ሚና ሰጥቶት አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በ1966 «ዘ ፕሮፌሽናልስ» በተባለው ፊልም ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራያን ጋር በእኩልነት የተሰለፈ ቀስተኛ ሆኖ ሠርቷል። የካውቦይ ፊልም ከወደዱ ከሆቴሉ ባለቤት ይህን ይጠይቁልን፤ በዚህኛው እንኳ መጀመሪያ ላይ አይሞትም።

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነን። በትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ አለን። ይህ ተዋናይ በሕይወት አለ? ከፊልሞቹስ የትኛውን አስቀድመን ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ ዉዲ ስትሮድ በዲሴምበር 31 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ በሳንባ ካንሰር ዐርፏል፤ 80 ዓመቱ ነበር። እስከ መጨረሻው ሠርቷል፤ የመጨረሻ ፊልሙ ከሞቱ በኋላ በ1995 ሲወጣ ለእሱ መታሰቢያ ሆኗል። ጆን ፎርድ ሲታመም ቤቱ ገብቶ ወለል ላይ እየተኛ ያስታመመውም፣ በ1973 ሲሞት አጠገቡ የነበረውም ይኸው ሰው ነው፤ ከሟቹ እኅት ጋር ሆነው አስከሬኑን በሰንደቅ ዓላማ እንደ ሸፈኑት በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ልጆች የሚወዱት የ«ቶይ ስቶሪ» ካውቦይ አሻንጉሊት ዉዲ የሚለውን ስም ያገኘውም ከእሱ ነው።

የትኛውን እናስቀድም ላላችሁት፣ «ሳጅን ረትሌጅ»ን ብትጀምሩ እንመክራለን፤ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ሲሆን ነገሩ በችሎት ስለሚሄድ ለውይይት ይመቻል። «ስፓርታከስ»ን የምታዩ ከሆነ ርዝመቱ አያስፈራችሁ፤ የድራባ ፍልሚያ የሚመጣው ፊልሙ ሲሦው ላይ ሳይደርስ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋባችሁ እንኳ የስትሮድን ድርሻ አይታችሁ ጨርሳችኋል።